ጓሳ ጥግ ላለ ትምህርት ቤት፦ ዘንድሮ ችግኝ ካልተከልን ምን እናድርግ?

የደጋዋ መምህርት (ሚያዝያ 19)

ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ፣ ጓሳ ከሚባለው ጥብቅ የሳር ምድር ጥግ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ያደግኩት አዲስ አበባ ጉለሌ ነው። እዚህ ከመጣሁ ይሄ 3ኛ ዓመቴ ነው። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት፤ በተለይ የአገሩ ልጆች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሐምሌ ላይ ችግኝ መጣልን። በቅን ልብ ነው የተላከልን፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ትምህርት ቤት ዝግ ቢሆንም 40 የሚሆኑ ልጆች ዝናብ እየመታቸው መጡ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሳር ላይ 240 ጉድጓድ ቆፈርን። ሳሩን በዶማ እየፈነቀልን ነው የቆፈርነው። ሥሩ ጥብቅ ነው፤ ሁለት ልጅ ተጋግዞ ነው አንዱን የሚነቅለው። ደስታቸውን ብታዩ! እያንዳንዱ ልጅ ለችግኙ ስም አወጣለት።

ህዳር ሲገባ ውርጩ መጣ። ጠዋት ስንገባ ሜዳው ነጭ ነው። ቅጠሎቹ መጀመሪያ ጠቆሩ። ከዚያ እጅ ሲነካቸው እንደተቃጠለ ወረቀት ይፈረፈሩ ጀመር። ታህሳስ ላይ ቆጠርን፤ የተረፉት 17 ነበሩ። አንዷ ተማሪዬ ችግኟን ማታ ማታ በገለባ እየሸፈነች ጠዋት ትገልጠው ነበር። የሷም ደረቀ። "ቲቸር፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?" አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ጥያቄዋ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ያን ሰሞን የአንድ ተማሪ አያት ባናቸውን ደርበው በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። ጉድጓዶቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ባዶ ሜዳ አይደለም። ጓሳ ነው። ዛፍ እንተክላለን ብላችሁ የተተከለውን ነቀላችሁ" አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ለዚያ ነው የከበደኝ።

ለእኔ ተፈጥሮን መንከባከብ ማለት ዛፍ መትከል ነበር። የተማርኩት እሱን ነው፤ ሳስተምር የኖርኩትም እሱኑ። አሁን ግንቦት 28 የዓለም የአካባቢ ቀን ይመጣል፤ ዝግጅቱ ለእኔ ተሰጥቷል። 46 ተማሪዎች፣ አንድ ሙሉ ቀን፣ በጀት የለም። ልጆቹ የራሳቸው የሆነውን ነገር እንዲያከብሩ እፈልጋለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል? ጓሳ ውስጥ ይዣቸው መግባትስ ይፈቀድልኛል?

---

የአስቦ ልጅ (ሚያዝያ 19)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኚያ አባት እውነታቸውን ነው። እኔ የአስቦ ተወላጅ ነኝ። ጡረታ ወጥቼ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ጓሳ የቦታውም ስም ነው፣ የሳሩም ስም ነው። ይሄ ብቻውን ለተማሪዎችሽ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ሰው አገሩን በሳር ስም የጠራው ሳሩ ቤቱም ልብሱም ስለሆነ ነው። ጣራችን ጓሳ ነበር። ገመዳችን ጓሳ ነበር። ዝናብ ሲመጣ አባቴ የሚደርባት ገሳ የተሠራችው ከጓሳ ነው። ከብቱም በድርቅ ጊዜ የሚተርፈው በሱ ነው።

ሳሩ ዝም ብሎ አልቆየም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው ይባላል። አቅኚዎቹ አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው። ጓሳን ለሁለት ተካፈሉት፤ የሁለቱም ዘር ድርሻውን እየጠበቀ ኖረ። ሥርዓቱ ቀሮ ይባላል። በየወገኑ ሕዝቡ የሚመርጠው አባ ቀራ አለ። አባ ቀራው ሳሩ እስኪደርስ 3 ዓመትም 5 ዓመትም ይዘጋዋል። በዚያ መሀል ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም። ሽማግሌዎች ሲያወሩ፣ ጓሳው ተዘግቶ እያለ በአዲስ ሳር የተከደነ ቤት ከተገኘ ክዳኑ ይቃጠል ነበር ይላሉ።

ሲከፈት ግን! እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ደርሶኛል። ቀኑ በቤተክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። የበጋው ፀሐይ በከረረበት ወቅት ነው። ሌሊት ተነስተን ሄድን። እናቴ ቆሎና ዳቦ ቋጥራለች። ሲነጋ ሰዉ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ዳር ዳሩን ቆሟል። ልክ "ግቡ" ሲባል የተነሳው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል፤ የማጭዱ ሸር ሸር፣ የሴቶቹ እልልታ፣ የአህያው ጩኸት። ሳሩ ከእኔ ደረት ይደርስ ነበር። ጠል አለበት፤ እስከ ወገቤ ረጠብኩ። አባቴ እንዴት እንደሚታጨድ ያሳየኝ ያን ቀን ነው፤ በግራ እጅ ጨበጥ አድርገህ ከሥሩ ከፍ ብለህ ትቆርጣለህ፤ ሥሩን አትነካም። ሥሩን ከነካህ ለልጅህ አይተርፍም።

ከታጨደ በኋላ ከብት ይገባበታል። ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲደርስ ይዘጋል፤ ክረምቱ ለሳሩ ይተዋል።

ይሄ ሥርዓት በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ፈረሰ። መሬቱ የሁሉም ሲባል ጠባቂ አጣ። ሰዉ እንዳገኘው አጨደ፣ አረሰም። ያን ጊዜ ጓሳን ያየ ሰው ያለቅሳል። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ ተደራጀና ጥበቃውን መለሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በክልሉ ሕግ የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ይሄን ለልጆቹ ንገሪያቸው። ጓሳን ያቆየው አያቶቻቸው ናቸው። ከሌላ ቦታ መጥቶ ያስተማራቸው የለም።

ግንቦት 28 ላይ ገሳ መሥራት የሚችል አንድ ሽማግሌ ትምህርት ቤት ጥሪ። እንዳይዘገይብሽ። ገሳ መሥራት የሚችሉት እያለቁ ነው።

---

ችግኝ ጣቢያ (ሚያዝያ 20)

በአብዛኛው እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ።

ሥራዬ ችግኝ ማፍላት ነው። የመምህርቷ ችግኞች የሞቱት ልጆቹ ስላልተንከባከቧቸው አይደለም፤ ይሄን ለዚያች ልጅ ንገሪያት። ጓሳ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ በበጋ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሜዳ ላይ ያለ ለጋ ችግኝ ውርጩን አይችለውም። እዚያ የሚኖሩት የለመዱት ናቸው፤ ጅብራ፣ አስታ፣ ጨረንፌ፣ ጦስኝ፣ ሳሩ።

ነገር ግን "ዛፍ አትትከሉ" ብለን እንዳንጨርሰው። እዚያ አገር ማገዶ ትልቅ ችግር ነው። ማገዶ ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበቱ ማሳ ላይ ቢቀር ገብሱን ያበላ ነበር። ኩበቱም ካልበቃ እናቶች ጨረንፌና አስታ ለመልቀም ወደ ጓሳ ይወጣሉ። ስለዚህ ጓሳን የሚጠብቀው አንዱ መንገድ ከጓሳ ውጪ፣ በየደጁ፣ ከንፋስ ከለል ባለ ቦታ ዛፍ መኖሩ ነው። ባህር ዛፍም ቢሆን ቦታ አለው፤ ምንጭ አጠገብ አይሁን፣ ሳሩ ላይ አይሁን እንጂ።

የቆፈራችኋቸውን ጉድጓዶች ደግሞ ባዶ አትተዋቸው። ክረምቱ ሲገባ እዚያው ግቢያችሁ ካለው ጓሳ ትልቅ ትልቁን ሥሩን ለሁለት ለሦስት ከፍላችሁ መልሳችሁ ትከሉት። ከጥብቁ ስፍራ ግን ምንም አታምጡ።

---

የደጋዋ መምህርት (ሚያዝያ 20)

ጋሼ የአስቦ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "ሥሩን ከነካህ ለልጅህ አይተርፍም" ያሉትን ነገ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

ችግኝ ጣቢያ፣ ስለ ልጅቷ ያልከውን ዛሬውኑ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ውርጭ መሆኑን አውቄ ነበር፣ ግን ገለባው ያሞቀዋል ብዬ ነው" አለች። ሥሩን ከፍሎ መልሶ መትከል ማሰቤም አልነበረም። እናደርገዋለን።

ወደ ውስጥ ስለመግባት የሚያውቅ አለ?

---

ጅብራ (ሚያዝያ 21)

መምህርት፣ እኔ ጓሳ ላይ አስጎብኚ ነኝ። መግባት ይቻላል። ከጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ጠይቂ፤ ለአካባቢው ትምህርት ቤት እሺ ይላሉ። ብቻ 46 ልጅ በአንዴ አታስገቢ። በ3 ቡድን ክፈያቸው። ደማቅ ቀይ ልብስ፣ ጩኸት፣ ፉጨት አይሁን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብትመጡ ጥሩ ነው። ጭላዳዎቹ የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው፣ ወደ አፋር በሚያየው በኩል። ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሳሩ ይወጣሉ። ቁጭ ብላችሁ ጠብቋቸው፤ አትከተሏቸው።

ልጆቹ ጭላዳን በየቀኑ ስለሚያዩ "ዝንጀሮ ነው" ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። ንገሪያቸው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። እጁን እንዲያዩ አድርጊ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ይገናኛሉ፤ ሳሩን አንድ አንድ እየለቀመ እፍኝ ሲሞላ ነው ወደ አፉ የሚወስደው። ለ10 ደቂቃ ዝም ብለው ቢያዩት አይረሱትም።

ዕድለኛ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ። ልጆች ቀበሮ ሲባል በግ የሚበላ ብቻ ይመስላቸዋል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው። ጭላዳዎቹ መሀል ቀስ ብሎ ይገባል፤ ግልገሎቻቸው አጠገቡ እያሉ አይነካቸውም፣ እነሱም አይሸሹትም። ይሄን እዚሁ ጓሳ ላይ ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈውታል። ቀበሮው በጭላዳ መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25ቱ ብቻ። እኔ ይሄን ቁጥር ከመስማቴ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተጎንብሶ፣ ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ፣ በሳር ለቃሚዎቹ መሀል ሲሄድ ከመንጋው አንዱ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ትልቁ ስጋታቸው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ከእኛ ውሻ ነው የሚተላለፍባቸው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 በዚህ በሽታ ብዙ አልቀዋል። የኛ ቀበሮዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከገባ መተኪያ የለንም። እረኛ ልጅ ውሻውን ይዞ ጓሳ ሲገባ ክፋት አስቦ አይደለም። አያውቅም። ተማሪዎችሽ አብዛኞቹ እረኞች ናቸው አይደል? ውሻ ቤት ይቅር፣ ውሻ ይከተብ። አንድ ነገር ብቻ አስተምሪልኝ ብትይኝ እሱን ነው። በየመንደራቸው ስንት ውሻ እንዳለ ቢቆጥሩልን ለክትባቱ ሥራ ትልቅ እርዳታ ነው።

---

የመሐል ሜዳ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሚያዝያ 22)

የኔ እህት፣ አገሬን አስታወስሽኝ። ወጥቼ አሜሪካ ከገባሁ 22 ዓመት ሆነኝ። እናቴ ከዓመት ዓመት ጦስኝ ትልክልኛለች። ፖስታውን ስከፍት ቤቱ ሁሉ ጓሳ ጓሳ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ስንማር ስለ ሌላ አገር ተራራና ወንዝ ብዙ ነገር ተምረናል። ከቤታችን ጀርባ ካለው ሜዳ ግማሹ ውሃ ወደ አዋሽ፣ ግማሹ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ እንደሚሄድ ግን ማንም አልነገረኝም። ያወቅኩት እዚህ መጥቼ ካርታ ሳይ ነው። አንድ ጣሳ ውሃ ይዘሽ ጫፉ ላይ አፍስሺላቸው። በዚህ ቢወርድ አፋር፣ በዚያ ቢወርድ ሱዳን በያቸው። ያኔ ሳሩ ጉሙንና ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ እንደሚለቅ ይገባቸዋል።

ለደብተርና ለእርሳስ የሚሆን ልላክልሽ? ቁም ነገር ነው።

---

የደጋዋ መምህርት (ሰኔ 1)

ቃል ስለገባሁ ውሎውን ልጽፍላችሁ። ረዘም ይላል፣ ይቅርታ።

ግንቦት 28 ጠዋት ጉም ነበር። 3 ቡድን አደረግናቸው። የመጀመሪያው ቡድን ምንም ሳያይ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ይሰለቻሉ ብዬ ፈራሁ። ግን ጉሙ ሳሩ ላይ ሲቀመጥ ማየት ራሱ ትምህርት ሆነ። አንዱ ልጅ እጁን በጓሳው ውስጥ አስገብቶ አወጣ። ክንዱ እስከ ክርኑ ራሰ። "ዝናብ ሳይዘንብ!" አለ። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የጣሳውን ውሃ ማፍሰስ አላስፈለገኝም። እሱ ልጅ አደረገልኝ። (ደብተሩ ደርሶናል። እግዜር ይስጥልኝ።)

ጉሙ ሲገፈፍ ጭላዳዎቹ 30 እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበሩ። ለካ እዚያው ነበሩ። ጅብራ ባልከው መሠረት ጣቶቻቸውን ብቻ እዩ አልኳቸው። እነዚህ ልጆች ጭላዳን ከገብስ ማሳ በድንጋይ ሲያባርሩ ያደጉ ናቸው። 10 ደቂቃ ዝም አሉ። ክፍል ውስጥ 2 ደቂቃ ዝም ብለውልኝ አያውቁም።

ቀይ ቀበሮ ያየው 3ኛው ቡድን ነው። ከሩቅ፣ ለጥቂት ጊዜ፤ ቀይ ጀርባው በሳሩ መሀል ብቅ ጥልቅ ሲል። እዚያ ቡድን ያልነበሩት እስካሁን አኩርፈዋል።

ከሰዓት ያ "የተተከለውን ነቀላችሁ" ያሉኝ አባት መጡ። እኔ ነኝ ሄጄ የለመንኳቸው። የቆየች ገሳቸውን ይዘው መጡ፤ ባለቤታቸውም አብረው። ገሳዋን አባት ራሳቸው ከ20 ዓመት በፊት የሠሯት ናት። ባለቤታቸው እናት ዓለም ገመድ ሲያከሩ አሳዩ። ሳሩን በውሃ ያርሳሉ። ሁለት ዘለላ በግራ እጃቸው ይይዛሉ፤ በቀኝ መዳፋቸው ጭናቸው ላይ አንዴ ወደፊት ያንከባልሉታል፣ መልሰው ሲስቡት ሁለቱ ይጠማዘዛሉ። ሊያልቅ ሲል አዲስ ዘለላ ይጨምራሉ፤ መገጣጠሚያው አይታይም። እኔም ሞከርኩ፣ ልጆቹም ሞከሩ። ሲመሽ አንድ ላይ የሠራነው 11 ሜትር ገመድ ሆነ። ወንዶቹ ለሁለት ተከፍለው ተጓተቱበት። አልተበጠሰም።

ከዚያ አባት ገሳዋን ማን ይልበሳት አሉ። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔ ያቺን ተማሪዬን ጠራኋት። ደረቡላት። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰች፤ ከውስጧ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። አባት አንድ ጆግ ሙሉ ውሃ አንስተው ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብለው አፈሰሱባት። ውሃው በሳሩ ላይ እየተንሸራተተ መሬት ወረደ። ስታወልቅ ልጆቹ ቀሚሷን ዳሰሱ። ደረቅ ነው። "አባባ፣ ይሄ ሳር ያ የነቀልነው ነው?" አለቻቸው። "እሱ ራሱ ነው" አሏት። ጎንበስ ብላ ገሳዋን አጣጠፈቻትና በሁለት እጇ መልሳ ሰጠቻቸው።

ክረምቱ ጠብቆ ከያዘ ጉድጓዶቹን መልሰን በጓሳ እንሞላለን። አባት እንዴት እንደሚከፈል ሊያሳዩን ቀን ሰጥተውናል። የተረፉትን 17 ችግኞች ደግሞ ልጆቹ እየተከፋፈሉ ከቤታቸው ጀርባ፣ ከንፋስ ከለል ወዳለ ቦታ ይወስዷቸዋል፤ ስማቸው እንዳለ ነው።

ጅብራ፣ የውሻ ቆጠራው አልቋል። በ4 መንደር 71 ውሻ። የማን እንደሆነና ተከትቦ የሚያውቅ መሆኑን ልጆቹ በሠንጠረዥ ጽፈውታል፤ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ክትባቱ የሚመጣበት ቀን ከታወቀ ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ የገበያ ቀን እንዳይሆን። አባቶቻቸው ገበያ ከሄዱ ውሾቹን የሚይዝልን አይኖርም።